ከናፍጣ ፓምፑ አናት ላይ ያለው ጣሳ መሳይ ዕቃ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው የደብረ ብርሃን ነዋሪ ናቸው፤ በቅርቡ ኤችዜድጄ75 የሚባለውን የድሮ ላንድክሩዘር ገዝተዋል። ሞተሩ 1ኤችዜድ የሚባለው ነው፣ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የለውም። ኮፈኑን ሲከፍቱ ከናፍጣ ፓምፑ አናት ላይ ትንሽ የቲማቲም ድልህ ጣሳ የሚያክል ክብ ክዳን ቆሞ አገኙ፤ ከጎኑ አንዲት አጭር የላስቲክ ቱቦ ወጥታ የትም ሳትገባ ቁልቁል ተንጠልጥላለች። መካኒክ ቢያሳዩ «የቱርቦ ዕቃ ነው፤ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ትርፍ ስለሆነ አውጥተን በላሜራ እንዝጋው» አላቸው። መኪናው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ያለ ጭስ ይሄዳል፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዳገቱን ሲይዝ ግን ከኋላው ያለው መኪና እስኪሰወር ጥቁር ጭስ ይለቃል። ዕቃው ምንድን ነው? ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አይውጣ። የነገሩን ቅርጽና ቦታ፣ ሞተሩ ቱርቦ የሌለው ከመሆኑ ጋር ሲደመር፣ ዕቃው የከፍታ ማካካሻ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። አንዳንዱ ባለሙያ አልቲቲውድ ኮምፔንሴተር ይለዋል፤ በቶዮታ መጽሐፍ ውስጥ ኤችኤሲ ተብሎ በምህጻረ ቃል ይገኛል። ሥራው አየር በሳሳበት ከፍታ ላይ ፓምፑ ሊሰጥ የሚችለውን የናፍጣ ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለሚነዳ መኪና ትርፍ የሚባል ዕቃ ቢኖር እንኳ ይህ አይሆንም። ጭሱም ዕቃው ስላለ ሳይሆን ዕቃው ሥራውን ስላቆመ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ዕቃው በእርግጥ እሱ መሆኑ ይረጋገጥ።

መካኒኩ ያለ ምክንያት አልተሳሳተም። ቱርቦ ባላቸው የላንድክሩዘር ሞተሮች፣ ለምሳሌ በ1ኤችዲቲ ላይ፣ ፓምፑ አናት እዚያው ቦታ ላይ የሚመሳሰል ክዳን ይቀመጣል። ያ የቱርቦ ግፊት ማካካሻ ነው፤ ቱርቦው አየር ሲገፋ ናፍጣ ይጨምራል። ከውጭ ሲያዩአቸው እንደ ወንድማማች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ አየር ሲበዛ ይጨምራል፣ ሌላው አየር ሲያንስ ይቀንሳል። የሚለያቸው ዋናው ነገር ቱቦው ነው። የቱርቦው ማካካሻ ቱቦ የግድ ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚገባበት ክፍል) ጋር መገናኘት አለበት፣ ግፊቱን የሚያገኘው ከዚያ ነውና። የከፍታው ማካካሻ ግን የሚፈልገው የውጭውን አየር ብቻ ስለሆነ፣ ወይ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ ወይ የእርስዎን የመሰለ አጭር ቱቦ ብቻ ይኖረዋል። 1ኤችዜድ ደግሞ ከፋብሪካ ቱርቦ ተገጥሞለት የወጣ ሞተር አይደለም፤ ስለዚህ ፓምፑ የራሱ ከሆነ የቱርቦ ዕቃ ሊኖረው አይችልም።

«የራሱ ከሆነ» ያልኩት ለይምሰል አይደለም። የእነዚህ መኪኖች ፓምፕ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም፤ ከ1ኤችዲቲ ላይ የተነሳ ፓምፕ ተገጥሞ፣ የማኒፎልዱ ቱቦ ተቆርጦ እንደዚሁ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ፓምፕ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ግፊት ስለማያገኝ ዝቅተኛውን የናፍጣ መጠን ብቻ ይሰጣል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ጭሱ ግን ትንሽ ነው። ባለቤቱ «ሰነፈ» ሲል መካኒኩ ከፓምፑ ኋላ ያለውን የናፍጣ መጠን ብሎን ያጠብቃል፤ ያን ጊዜ ቆላ ላይ ደህና፣ ደጋ ላይ ጭሳም የሆነ መኪና ይፈጠራል። ይህ ከእርስዎ ምልክት ጋር ስለሚመሳሰል በግምት መተው አያዋጣም።

የሚፈርደው የፓምፑ ሰሌዳ ነው። በፓምፑ ጎን ላይ ትንሽ የአሉሚኒየም ሰሌዳ አለች፤ ብዙውን ጊዜ በዘይትና በአቧራ ተሸፍና አትታይም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በብሩሽና በትንሽ ናፍጣ ይጥረጓት፣ በስልክ ፎቶ ያንሷት። 22100 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር የቶዮታ የኢንጄክሽን ፓምፕ ቁጥር ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት አሃዞች ፓምፑ ለየትኛው ሞተር እንደተሠራና ማካካሻው የትኛው እንደሆነ ይለያሉ። ሰሌዳው ላይ ኒፖንዴንሶ የሚል ካለ ፓምፑ የድሮ ነው፣ ኩባንያው ስሙን ዴንሶ ያለው በ1996 ነውና (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የሰሌዳውን ቁጥር ከመኪናው የሻንሲ ቁጥር ጋር አድርገው ለመለዋወጫ ሻጭ ወይም ለፓምፕ ባለሙያ ቢሰጡ፣ ይህ ፓምፕ የዚህ መኪና ነው ወይስ አይደለም የሚለው ወዲያው ይታወቃል። ኤችዜድጄ75 ከ1990 እስከ 1999 የተሠራ ነው፤ የከፍታ ማካካሻ ያለው ሁሉም 1ኤችዜድ አይደለም፣ እንደተላከበት ገበያ ይለያያል። ስለዚህ የጎረቤት መኪና ላይ አለመኖሩ የእርስዎ ትርፍ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ክዳኑ ውስጥ ምን እንዳለ። እንደ ወናፍ የታጠፈ፣ አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ስስ የብረት ከረጢት አለ። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑን ጣርማበር ላይ አጥብቀው ዘግተው ሸዋ ሮቢት ቢያወርዱት ይጨማደዳል፤ ሸዋ ሮቢት ዘግተው ጣርማበር ቢያወጡት ይነፋል። ወናፉም እንደዚሁ ነው፦ ቆላ ላይ የውጭው አየር ይጫነውና ያጥራል፣ ደጋ ላይ ጫናው ሲቀልለት ይረዝማል። ሲረዝም ከሥሩ ያለውን ዘንግ ወደ ታች ይገፋል። ዘንጉ ሾጣጣ ቦታ አለው፤ በሾጣጣው ላይ የተደገፈች ትንሽ ፒን ትንቀሳቀስና በፓምፑ ውስጥ ያለውን ክንድ ትገፋለች፤ ክንዱም የናፍጣውን መጠን የሚወስነውን ቀለበት ወደ መቀነሻው ይስበዋል። ሁሉም በሜካኒክ ነው፣ ኤሌክትሪክ የለበትም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ይህ ዕቃ የሚገድበው እግርዎ ሙሉ በሙሉ ሲረግጥ የሚወጣውን የናፍጣ ልክ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲሠራ ወይም በቀስታ ሲነዳ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ግቢ ውስጥ አቁሞ ቤንዚን መስጫውን እየረገጡ «ይሠራል፣ አይሠራም» ማለት ድካም ነው።

ለምን አስፈለገ ለሚለው፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ወደ 1,280 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ሸዋ ሮቢት 87 ገደማ ይሆናል። 2,840 ሜትር አካባቢ ባለው ደብረ ብርሃን ወደ 71 ወይም 72 ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማበር ደግሞ ከ70 በታች ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አየሩን ትንሽ ስለሚያጠጥረው ከጉድለቱ ጥቂት ይመልሳል፤ ቢሆንም ሲሊንደሩ የሚያገኘው አየር ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል እንደጎደለ ይቆያል። 4.2 ሊትሩ ሞተር ለቆላ አየር የተለካ ናፍጣ ደጋ ላይ ቢሰጠው የሚያቃጥልበት አየር የለውም፤ ያልተቃጠለው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉም የሞተር ዘይቱን ያጠቁራል። ጉልበት ግን አይጨምርም፤ አየር የሌለው ናፍጣ ጉልበት አይደለም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ሙቀቱ ነው። ዳገት ላይ በከባድ ጭነት ናፍጣ የበዛበት 1ኤችዜድ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይንራል፤ የዚህ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ደግሞ በቅድመ ማቃጠያ ክፍሎቹ አካባቢ በመሰንጠቅ ይታወቃል። ዕቃውን በላሜራ መዝጋት ዘንጉን ማስወጣት ማለት ስለሆነ፣ ፒኗን የሚገታት ነገር አይኖርም። መካኒኩ ሊያድንዎት ያሰበው ጭስ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም።

ወደ ጭሱ እንምጣ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር በአንድ ዳገት ወደ 2 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል፤ ለዚህ ዕቃ ከዚህ የተሻለ መሞከሪያ የትም የለም። ፓምፑ አንድ ነው፣ ኖዝሎቹ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጩት) አንድ ናቸው፣ ናፍጣውም አንድ ነው። ታችና ላይ መካከል የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ታች ሙሉ ተረግጦ የማይጨስ፣ ላይ ሲደርስ የሚጨስ መኪና ጥርጣሬው በአየር ነገር ላይ ነው። ኖዝል የሚያፈስ ወይም የተበላሸ ቢሆን ቆላም ላይ ይታይ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ግን ሙከራው በሥርዓት ይሁን፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ዳገት ቢጤ ባለበት በሦስተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻ ይረገጥ፣ ሌላ ሰው ከኋላ ይመልከት። ከዚያ ከደብረ ሲና በላይ በዚያው ማርሽ፣ ካልቻለ በሁለተኛ፣ በተመሳሳይ ጭነት ይደገም። ቆላ ላይ ቀስ ብሎ ነድቶ፣ ዳገቱ ላይ ብቻ ረግጦ ማወዳደር ሙከራ አይደለም። ሙሉ ሲረገጥ ሳሳ ያለ ግራጫ ጭስ ማየት የተለመደ ነው፤ ችግሩ መንገድ የሚጋርደው ጥቁር ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ግን ማካካሻው አይደለም፤ የአየር ፊልትሮው ነው። ይህን ዘለው ፓምፕ የሚያስፈቱ ሰዎች ብር ያባክናሉ። በመሐል ሜዳና በሰላ ድንጋይ በኩል ያለ አቧራ ፊልትሮን ቶሎ ይደፍናል። ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮ ሸዋ ሮቢት ላይ አይታወቅም፣ አየሩ ስለሚበቃ ነው፤ ጣርማበር ላይ ሲደርስ ግን ቀድሞ የጎደለው አየር ላይ ተጨምሮ ጭሱን ያወጣል። ፊልትሮው ወጥቶ ብርሃን ላይ ይታይ፣ ካጠራጠረ አዲስ ይግባ፤ ከፊልትሮ ቤቱ እስከ ማኒፎልዱ ያለው ወፍራም ቱቦ ውስጡ የተላጠ ወይም የተጣበቀ እንዳይሆንም በእጅ ይዳሰስ። ከዚያ መንገዱ እንደገና ይነዳ። ጭሱ ከቀነሰ ነገሩ አብቅቷል።

ካልቀነሰ መተንፈሻው ይታይ። ያቺ የተንጠለጠለች ቱቦ አፏ በጭቃ፣ በዘይት ዝቃጭ ወይም በትንኝ ጎጆ ከተደፈነ፣ ክዳኑ ውስጥ የቆላው አየር ታስሮ ይቀራል። ወናፉ መኪናው ጣርማበር መድረሱን አያውቅም፣ ናፍጣውንም አይቀንስም። ቱቦዋን ከሥሯ በፒንሳ ቀስ አድርገው ነቅለው ለብቻዋ ያጽዷት። የክዳኑን ቀዳዳ ግን ሽቦ አስገብተው አይቆፍሩት፤ ከጀርባው ያለው ወናፍ ስስ ነው፣ ሊበሳ ይችላል። በኮምፕሬሰርም አይነፋ። ይህ ዕቃ የተሠራው ከአንድ የከባቢ አየር በታች ለሆነ ለውጥ ነው፤ የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር ከዚያ ብዙ እጥፍ ገፍቶ ወናፉን ይጨፈልቀዋል። በአፍ መንፋትና መምጠጥ ይበቃል። ቱቦዋ ስትመለስ አፏ ወደ ታች ይሁን፣ ውሃ እንዳይጠራቀምባት።

ከመተንፈሻው ናፍጣ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፦ በዘንጉ ላይ ያለው ኦሪንግ (የላስቲክ ማሸጊያ ቀለበት) አርጅቶ የፓምፑ ናፍጣ ወደ ክዳኑ እየገባ ነው ማለት ነው። ያኔ ማጽዳት አይረባም፣ ፓምፑ ኦሪንጎቹ ሊቀየሩለት ይገባል።

መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖ ጭሱ ከቀጠለ፣ ወይ ዘንጉ ዝጎ ወይም በናፍጣ ዝቃጭ ተጣብቆ በቆላው ቦታ ላይ ቀርቷል፣ ወይ ከዚህ በፊት አንድ ሰው የናፍጣውን መጠን ብሎን አጥብቋል። ይህ ብሎን ከፓምፑ ኋላ፣ ስድስቱ ቱቦዎች ከሚወጡበት አካባቢ፣ በዳዶ ተቆልፎ ይገኛል። ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይነካ የቀለበት ማተሚያ ወይም ሽቦ ይደረግበታል። ያ ማተሚያ ከሌለ፣ ዳዶው ላይ የቁልፍ ጠባሳ ከታየ፣ ተነክቷል። ሩብ ዙር በዚህ ብሎን ላይ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ስለዚህ «ትንሽ መለስ እናድርገው» በሚል ግምት መነካት የለበትም።

ሌላም አይነት ብልሽት አለ፣ የእርስዎ ባይሆንም። ወናፉ ተበስቶ ውስጡ አየር ከገባ የውጭው ጫና አይጨምቀውም፤ ረዝሞ ይቀራል። ፓምፑ መኪናው ሁልጊዜ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ይመስለዋል። ምልክቱ ጭስ ሳይሆን ድካም ነው፦ ጭስ ማውጫው ንጹሕ፣ ደጋ ላይ እንደሌላው መኪና የሚሄድ፣ ቆላ ሲወርድ ግን ያሰቡትን ያህል ጉልበት የማይጨምር መኪና። እንዲህ ያለውን ሰዎች «ሞተሩ አርጅቷል» ብለው ኦቨርሆል (ሙሉ እድሳት) ያደርጉታል፤ ከኦቨርሆሉ በኋላም እንደነበረው ነው።

ጠዋት ጠዋት በደብረ ብርሃን ውርጭ የሚወጣ ነጭ ጭስ ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት የለውም። እሱ የማሞቂያ ካንዴላ ወይም የፓምፕ ታይሚንግ (ናፍጣ የሚረጭበት ጊዜ) ጉዳይ ነው።

ፓምፑ መፈታት ካለበት ክዳኑን መኪናው ላይ እያለ መክፈት አይመከርም። ቢከፈት እንኳ ክዳኑና ዘንጉ የነበሩበት አቅጣጫ በጭረት ምልክት ሳይደረግበት እንዳይነቀል፤ ፒኗ ወደ ውስጥ ከወደቀች ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ካልተፈታ አትገኝም። ትክክለኛው መንገድ ፓምፑን የናፍጣውን ልክ በሚለካ ካሊብሬሽን ማሽን ላይ ማሠራት ነው። ሲሰጡ «ፓምፑን አጽዱልኝ» ብለው አይስጡ፤ የከፍታ ማካካሻ እንዳለው ነግረው፣ የሙሉ ጭነት ናፍጣው በሁለት የአየር ግፊት፣ አንዴ በቆላ አንዴ በደጋ፣ እንዲለካና የስድስቱም ሲሊንደር ውጤት በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ማካካሻውን ሳይለኩ የሚያስረክቡ ቤቶች አሉ፤ ማሽኑ ያለበት ከተማ ራሱ ደጋ ከሆነና ይህ ካልታሰበበት፣ ልኩ ከመጀመሪያው ይዛባል። የኖዝሎቹ መክፈቻ ግፊትም አብሮ ይታይ፣ በ150 ባር አካባቢ ነው፤ ዋናው ነገር ስድስቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው።

ፓምፑ ሲፈታና ሲገጠም የሚደረግ አንድ የታወቀ ስህተት አለ። ናፍጣ የሚገባበትና ትርፉ የሚመለስበት ሁለት ውስጣቸው ክፍት የሆኑ ብሎኖች ከውጭ ይመሳሰላሉ፤ የመመለሻው ግን ውስጡ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ነው ያለው፣ አውት የሚል ጽሑፍም አናቱ ላይ ይገኛል። ከተቀያየሩ የፓምፑ የውስጥ ግፊት ይወድቃል፤ መኪናው አልነሳም ይላል ወይም ተነስቶ ይሞታል፣ ሁሉም ሰው ግን ካሊብሬሽኑን ይወቅሳል። ሁለተኛው ጥንቃቄ የእጥበት ነው፦ የሞቀ ፓምፕ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በግፊት አይረጭ። የውስጡ ፕለንጀር (ናፍጣውን የሚገፋው ዘንግ) ከቤቱ ጋር ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ውጩ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊነክስ (ተጣብቆ ሊቀር) ይችላል። ውሃው መተንፈሻውም ውስጥ ይገባል።

ኮፈኑ አንዴ ከተከፈተ ሌሎች ግራ የሚያጋቡ ነገሮችም በዚያው ይታያሉ። ከፓምፑ ጎን ሁለት የራዲያተር ውሃ ቱቦ የሚገባበት ዕቃ ካለ፣ የብርድ ማስነሻ ነው፤ ውስጡ ሰም አለ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሚኒሞውን ከፍ፣ ታይሚንጉን ቀደም ያደርጋል። ይህንንም ብዙዎች ውሃውን አልፈው በቀጥታ አገናኝተው ይተዉታል፤ ያን ጊዜ ሰሙ ስለማይሞቅ ሚኒሞው ከፍ እንዳለ ይቀራል። ከፓምፑ ኋላ አንድ ሽቦ የሚገባባት ትንሽ ክብ ዕቃ ናፍጣ መዝጊያው ሶሌኖይድ ናት፤ ሽቦዋ ከወለቀ ሞተሩ አይነሳም። ቤንዚን መስጫው ክንድ አጠገብ ስስ የላስቲክ ቱቦ ያለው እንደ ሳንቲም ሳጥን ጠፍጣፋ ነገር ካለ፣ ኤሲ ሲበራ ሚኒሞ የሚያነሳው ነው፤ ኤሲ የሌለው መኪና ላይ እሱ በእርግጥ ትርፍ ነው፣ ቱቦው ግን ክፍት ሳይቀር ይዘጋ።

መኪናው ከ1990 በፊት የተሠራ፣ 2ኤች ወይም 3ቢ ሞተር ያለው ሆኖ ቢሆን ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር። በእነዚያ ላይ ሰዎች «ይሄ ምንድን ነው» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከፓምፑ ክንድ ጋር በዘንግ የተያያዘ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለበትን ሳጥን ነው። ኤዲክ ይባላል። ሦስት ቦታ አለው፦ ሲነሳ ናፍጣ ያበዛል፣ ሲሄድ በልኩ ያደርጋል፣ ቁልፉ ሲጠፋ ይዘጋል። እርስዎ የገለጹት ዘንግም ሽቦም የሌለው ዝም ያለ ክዳን ግን እሱ አይደለም።

የሰሌዳውን ፎቶ ሲያነሱ ክዳኑን ከጎን፣ የተንጠለጠለችውን ቱቦ ከሥሯ ጋር፣ ከፓምፑ ኋላ ያለውን ብሎን ከነዳዶው ጨምረው ያንሱ። እነዚህ አራት ፎቶዎች ካሉ የፓምፕ ባለሙያ መኪናውን ሳያይ ከግማሽ በላይ ይመልሳል፤ መንገዱም እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ፓምፑን ተሸክሞ ከመሄድ በፊት ቢላክ ይመረጣል።